ጥንብ አንሳ ላይ ታግ ማሰር፦ መሣሪያው ዝም እንዳይልባችሁ

"ታጉን አሰርን፣ አሞራው በሰላም በረረ፣ በአምስተኛው ቀን ግን ድምፁ ጠፋ። ምን ይሻላል?"

ይሄ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴ ደስ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ታጉ የጠፋው አሞራው ከመያዙ በፊት ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ፣ ቢሮ መደርደሪያ ላይ፣ ወይም ማንም ሳይፈትነው ሻንጣ ውስጥ ሲከተት። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ወደ ወጥመዱ ለመድረስ የቸኮለ ሰው ይታገሰኝ።

ታግ የምለው ጀርባ ላይ የምትታሰረውን ጂፒኤስ ያላት ትንሽ መሣሪያ ነው። የምጽፈው ደግሞ ለሁለት ዓይነት አሞራ ነው። አንደኛው በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው የምናየው፣ ፊቱ ላይ ላባ የሌለው ቡናማ ትንሽ ጥንብ አንሳ ነው። ሁለተኛው የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው፤ ነጭ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ከባልካንና ከቱርክ ድረስ በርሮ የአውሮፓን ብርድ አፋር ላይ የሚያሳልፈው። ሁለቱም ወደ 2 ኪሎ ይመዝናሉ። ከ6 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ትልልቆቹ ሌላ መሣሪያና ሌላ ጉልበት ይፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን አንብባችሁ ብቻ ወደ ሜዳ አትውጡ። የመጀመሪያዎቹን አሞራዎች ከዚህ በፊት በእጁ ከሠራ ሰው ጋር ያዙ። ቡናማው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ የገባ ወፍ ነው። ልምምድ የምትወጡበት ነገር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ገጽ ጻፉ

ታግ ከማዘዛችሁ በፊት ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ ጻፉ። "እንቅስቃሴውን ለማጥናት" የሚባል ነገር ጥያቄ አይደለም። "የአዲስ አበባ ቄራ ላይ የሚበሉት አሞራዎች የት ያድራሉ?" ጥያቄ ነው፤ በሰዓት አንድ ነጥብ (ታጉ አንዴ የሚመዘግበው ቦታ) ይበቃዋል። "ባብኤል መንደብን (በጅቡቲና በየመን መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር) ሲሻገሩ በየት በኩል፣ በምን ከፍታ ያልፋሉ?" ካላችሁ ግን በየጥቂት ደቂቃው ነጥብ ያስፈልጋችኋል። ነጥብ በበዛ ቁጥር ባትሪ ይበላል። ትልቅ ባትሪ ደግሞ ክብደት ነው፣ የሚሸከመውም አሞራው ነው።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ዋናው ፈቃድ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በክልል ደረጃ የሚመለከተውን ቢሮም አትዝለሉ፤ ቦታው ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩን ኃላፊም ቀድማችሁ አግኙ። ደብዳቤው ላይ ዝርያውን፣ ቁጥሩን፣ የማጥመጃ ዘዴውንና አሞራውን በእጁ የሚይዘው ማን እንደሆነ ዘርዝሩ። ደም ወይም ላባ ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ሌላ ፈቃድ ነው፤ አብራችሁ ጠይቁ።

ታጉ ሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው። ውስጡም ሊቲየም ባትሪ አለ። ዕቃው ከመላኩ በፊት ጉምሩክንና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ እንጂ ዕቃው ከደረሰ በኋላ አትሯሯጡ። እኔ ተሯሩጫለሁ። ካርቶኑ አንድ መጋዘን ጨለማ ውስጥ ስድስት ሳምንት ተቀመጠ። ሲወጣ ከአራቱ ታጎች ሁለቱ ባትሪያቸው ሞቶ ነበር፣ ፀሐይም አላስነሳቸውም። ስለዚህ አምራቹን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይላክ፣ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶም ይላክ።

ደረጃ 3፦ ታጉን ምረጡ

መረጃው በምን ይመጣል?

"ሳተላይት ታግ" የሚለው ስም ሰው ያሳስታል። ሁሉም ታጎች ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት ከጂፒኤስ ሳተላይት ነው። ልዩነቱ ያወቁትን ለእናንተ የሚልኩበት መንገድ ላይ ነው። አንዳንዱ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል፤ ኔትወርክ ሲያጣ ያስቀምጥና ሲያገኝ አንድ ላይ ይልካል። ሌላው እንደ አርጎስ ባለ ሳተላይት በኩል ይልካል፤ ኔትወርክ በሌለበት በረሃም ይሠራል፣ ግን የሚልከው መረጃ ትንሽ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያም አለው።

የኔ ምክር፦ አሞራው ከተማና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚውል ከሆነ የሞባይሉን ውሰዱ። የሞተ አሞራ ቶሎ ማግኘት ዋና ዓላማችሁ ከሆነና አካባቢው ደናክል ዓይነት ከሆነ የሳተላይቱን። የሞባይሉን ስትመርጡ ሁለት ነገር በጽሑፍ አረጋግጡ፦ በየትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ (2ጂ ብቻ የሚያውቅ አለ)፣ ሲሙ ደግሞ ድንበር ሲሻገር በየትኞቹ አገሮች እንደሚሠራ።

ስንት ግራም?

የታወቀው ጣሪያ ከሰውነት ክብደት 3 በመቶ ነው፤ ማሰሪያውን፣ ክሩንና ሙጫውን ጨምሮ። 1.8 ኪሎ የሚመዝን አሞራ ሲሰላ 54 ግራም ይመጣል። ጣሪያ ነው አልኩ እንጂ ግብ አይደለም። ለነዚህ ሁለት ዝርያዎች እኔ ከ45 ግራም አላልፍም። ሚዛን ላይ ስታወጡ ታጉን ብቻ ሳይሆን የተዘጋጀውን ማሰሪያም አብራችሁ አውጡ፤ እዚያ ላይ የሚረሳው ግራም ብዙ ነው።

የሶላር ሰሌዳውንም ከጎን እዩት። ሰሌዳው ዝቅ ያለ ከሆነ የጀርባ ላባ ይሸፍነዋል፣ ባትሪው ቀስ በቀስ ይደክማል፣ እናንተም ከሁለት ወር በኋላ "አሞራው ሞተ" ትላላችሁ። ከሥሩ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያለውን ምረጡ።

ደረጃ 4፦ ቤት ውስጥ ሳይሆን ጣሪያ ላይ ፈትኑ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የቀረውን ባያነብም ይሻላል።

1. ታጉ ላይ የተለጠፈውን ማግኔት አንሱ። ማግኔቱ ማጥፊያው ነው። የተነሳበትን ቀንና የታጉን ቁጥር መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ ታጉን ከስፒከርና ማግኔት ካለው የስልክ ሽፋን አርቁ። ሻንጣ ውስጥ ሳያውቁት የሚጠፉ ታጎች አሉ።

2. ቢያንስ ለ7 ቀን ክፍት ሰማይ ሥር አስቀምጡ። መስኮት ዳር አይሆንም፤ መስታወቱ ብርሃኑንም ሲግናሉንም ይቀንሳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፣ ቆርቆሮ በፀሐይ ይግላል።

3. በየቀኑ የባትሪውን ቮልቴጅ እዩ። የሞላ ሊቲየም ባትሪ ወደ 4.1 ወይም 4.2 ቮልት ነው። ቀን ወጥቶ ሌሊት ትንሽ መውረድ አለበት። ቀን ላይም የማይወጣ ከሆነ ታጉ ጤነኛ አይደለም፤ መልሱት።

4. ነጥቦቹን ካርታ ላይ አውጡ። ጣሪያችሁ ላይ መሰብሰብ አለባቸው። አልፎ አልፎ አንድ ሁለቱ ሸሽተው ቢወጡ የተለመደ ነው፣ ግማሹ ጎረቤት ሰፈር ከሆነ ግን አይደለም።

5. ይዛችሁት ተጓዙ። ከመገናኛ ቃሊቲ በሚኒባስ፣ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ። መንገዱን ተከትሎ ካሳየ ጥሩ ነው።

6. ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አንድ ቀን አሳድሩትና መልሱት። ያስቀመጠውን መረጃ ተመልሶ መላክ አለበት። እዚህ ላይ የወደቀ ታግ ሜዳም ይወድቃል።

7. የጊዜ ሰሌዳውን አስተካክሉ። አሞራ ሌሊት አይበርም፤ ሌሊቱን በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ እለፉት። ባትሪው ሲወርድ ነጥብ መውሰዱን በራሱ እንዲቀንስ አድርጉት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደጋ ላይ ደመና ነው፤ በየካቲት ፀሐይ የተሠራ የጊዜ ሰሌዳ በሐምሌ ይገድላችኋል።

ጽሑፍ ለጥፉበት

ታጉ ላይ ስልክ ቁጥርና "ለወፍ ምርምር፣ ጉዳት የለውም" የሚል አጭር ጽሑፍ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ይኑር። ዓረብኛው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ታግ የታሰረበት ጥንብ አንሳ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቡልጋሪያ ላይ ታግ የታሰረበት ኔልሰን የሚባል አሞራ የመን፣ ታዒዝ ላይ በተመሳሳይ ጥርጣሬ ታስሯል። አፋር ላይ የያዛችሁት የግብፅ ጥንብ አንሳም ባብኤል መንደብን ተሻግሮ በዚያው ሰማይ ሊያልፍ ይችላል።

ደረጃ 5፦ እጃችሁን አስለምዱ

ማሰሪያ የሚሠራው እጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ሳይለማመድ ይንቀጠቀጣል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉና ያዙት፤ የአንድ አሞራ ክብደት ያህል ነው። በዚያ ታጉ የሚታሰርበትን ሪባን አቆራረጥና አሰፋፍ ልመዱ። ቀጥሎ ከገበያ አንድ ትልቅ አውራ ዶሮ ግዙና አንዱ ይዞ ሌላው ይሰር። እግር ይራገጣል፣ ክንፍ ይመታል፣ ልክ እንደ ሜዳው። ሰዓት ያዙ። አስሮ ለመጨረስ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባችሁ ከሆነ ገና ናችሁ፤ ፈታችሁ ድገሙ። ዶሮው ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ለናንተ ትቼዋለሁ።

ደረጃ 6፦ ቦታውንና ሰዉን እወቁ

ከማጥመዱ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን አሞራዎቹ መቼ እንደሚመጡ፣ ከየት እንደሚመጡ፣ የት ዛፍ ላይ እንደሚቆሙ ተመልከቱ። ቦታው ከአስፋልትና ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ይሁን። ደንግጦ የሚነሳ አሞራ ሽቦ አያይም።

ሰዉን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ቀበሌውን፣ የቄራ ሠራተኞቹን፣ አፋር ከሆነ የጎሳ ሽማግሌዎቹን። ታጉን አውጥታችሁ አሳዩአቸው፣ እጃቸው ላይ አስቀምጡት። "ካሜራ አለው ወይ?" ይሏችኋል፤ የለውም በሉ። በዚያው ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል መርዝ የተቀመጠበት ቦታ እንዳለ ጠይቁ። ካለ እዚያ አታጥምዱ።

ለግብፅ ጥንብ አንሳ አመቺው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከሰሜን የመጡት ገብተዋል፣ የአፋርም ሙቀት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ አጥምዱ

ማባበያው

በምን እንደሞተ ያልታወቀ ከብት በጭራሽ አትጠቀሙ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ የምትነካኩት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ከቄራ ሥጋና ሆድ ዕቃ ግዙ፤ እንስሳው በቅርቡ መድኃኒት ያልተወጋ መሆኑን ጠይቁ። በተለይ ዳይክሎፌናክ። ከብት ላይ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ የጥንብ አንሳን ኩላሊት ግን ያቆማል። የደቡብ እስያን አሞራዎች የጨረሰው እሱ ነው፣ ሕንድም ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የከለከለችው ለዚህ ነው።

ወጥመዱ

ለነዚህ ትንንሾች ሁለት ነገር ይሠራል፦ ገብተው የሚዘጋባቸው ትልቅ የሽቦ ቤት፣ ወይም በወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ክር የተሠሩ ሸምቀቆዎች። በመድፍ የሚወነጨፍ መረብም አለ፤ ባሩድ ስላለበት የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ካልሆነ አትንኩት።

ሸምቀቆ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ጎህ ሳይቀድ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። በብርሃን ስታጠምዱ ካዩአችሁ ያን ቀን አይወርዱም።
2. ሥጋውን በችካል ከመሬት ጋር እሰሩ፤ አለዚያ ውሻ ይጎትተዋል።
3. ሸምቀቆዎቹን ዙሪያውን ትከሉ። እያንዳንዱ ማሰሪያው ላይ ላስቲክ ይኑረው፣ አሞራው ሲፈናጠር እግሩ እንዳይሰበር።
4. ስንት ሸምቀቆ እንደተከላችሁ ጻፉ። ስትነቅሉ ያው ቁጥር መሆን አለበት። የተረሳ ሸምቀቆ ማታ ሌላ ነገር ይይዛል።
5. መኪና ውስጥ ሆናችሁ በቢኖኩላር ተመልከቱ። ዓይናችሁን ለሻይ እንኳ አታንሱ።
6. አንዱ እንደተያዘ ሩጡ። በእርጋታ መራመድ የሚባል ነገር የለም።

ከተበላሸ

ቁራና ጭልፊት ይቀድማሉ፣ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። አባ ኮዳ ከመጣ ግን ተነሱና አባርሩት፤ ረጅም እግሩን ሸምቀቆ ውስጥ ካስገባ ሥራችሁ ይበላሻል። ውሻ ከመጣ ሥጋ ጣሉለትና አርቁት፣ ድንጋይ አትወርውሩ፣ አሞራዎቹም ይሄዳሉ። አሞራዎቹ ዛፍ ላይ ሞልተው የማይወርዱ ከሆነ መኪናችሁን 100 ሜትር አርቁ። ሦስት ቀን ካልሆነ ቦታ ቀይሩ።

ስድስት ተይዘው ታጋችሁ ሁለት ከሆነ ወዲያው አራቱን ፍቱ። "ቢያንስ ልኬት እንውሰድ" የሚል ሰው አይጠፋም። ተዉት።

ፀሐይ ስትከር፣ ቆላ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም፣ ወጥመዱን ንቀሉ። ከዚያ በኋላ የሚያዝ አሞራ በሙቀት ይሞትባችኋል።

ደረጃ 8፦ አያያዝ

ንስርን ስትይዙ የሚያስፈራው ጥፍሩ ነው። ጥንብ አንሳ ላይ ግን መንቁሩን ፍሩ፣ የከብት ቆዳ የሚቀድ ነገር ነው። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ከኋላ፣ አገጩ ሥር ያዙ፤ የአየር ቧንቧውን ሳትጫኑ። ቀጥሎ ሁለቱን ክንፎች ከሰውነቱ ጋር አጥፋችሁ እቀፉ፣ ሌላ ሰው እግሮቹን ይያዝ። ወዲያው ጭንቅላቱ ላይ ጫፉ የተቆረጠ ካልሲ አጥልቁለት። ጨለማ ሲሆንበት ዝም ይላል፤ ልዩነቱ ይገርማችኋል።

ደረቱን አትጨምቁ። ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን እያንቀሳቀሰ ነው፤ አጥብቃችሁ ካቀፋችሁት ሳይጮህ ይታፈናል።

ማስታወካቸው አይቀርም። ሲጀምር ጭንቅላቱን ወደ ፊትና ወደ ታች አድርጉለት፣ መንቁሩን ልቀቁለት፣ ሲጨርስ አፉን በጣት ጥረጉለት። መንቁር በፕላስተር የሚያስር ሰው አይቻለሁ። በፍጹም አታድርጉት፤ ያስታወከው ወደ ሳንባው ይመለሳል። ልብሳችሁን ደግሞ ተሰናበቱት። የኔ አንድ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ከያዛችሁበት እስከምትለቁበት 30 ደቂቃ ይብቃ። አንድ ሰው ሥራው ሰዓት መጥራት ብቻ ይሁን። አፉን ከፍቶ በፍጥነት ማለክለክ ከጀመረ ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ እግሩን በውሃ አርጥቡ። ካልተሻለው ታጉን ትታችሁ ልቀቁት። ታግ ሳይታሰር የሄደ አሞራ ኪሳራ አይደለም።

ደረጃ 9፦ እሰሩ

መጀመሪያ መዝኑት። ደረቱ ላይ ያለው የምግብ ከረጢት አብጦ ከሆነ ሚዛኑ በመቶዎች ግራም ይዋሻችኋል፤ ያንን አስባችሁ 3 በመቶውን አስሉ።

ሁለት ዓይነት አስተሳሰር አለ። አንዱ እንደ ትምህርት ቤት ቦርሳ ትከሻ ላይ ሆኖ ደረት ላይ የሚሻገር፤ ሌላው ሁለቱን ጭን ዞሮ ታጉን ወገብ ላይ የሚያስቀምጥ። እኔ የጭኑን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የጥንብ አንሳ ደረት ሲበላ ያብጣል፣ ሲራብ ይጎድላል። ጾሙን እያለ የለካችሁት የደረት ማሰሪያ በልቶ ሲጠግብ ያንቀዋል። የጭን ማሰሪያም ጣጣ አለው፤ ከላላ ወደ እግር ይንሸራተትና ያስረዋል።

1. አሞራውን በደረቱ አስተኙት፣ እግሮቹ ወደ ኋላ ነጻ ይሁኑ።
2. የቴፍሎን ሪባኑን፣ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነውን፣ በታጉ ቀዳዳ አሳልፉ። ናይለን ገመድ አይሆንም፣ ቆዳ ይቆርጣል።
3. አንዱን ቀለበት በጭኑ ዙሪያ፣ ከላባው ሥር፣ ቆዳው ላይ አሳልፉ። ላባ በሪባኑ ሥር እንዳይታጠፍ በጣት እያወጣችሁ።
4. ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱ ቀለበቶች እኩል መሆናቸውን በማስመሪያ ለኩ። በዓይን አትገምቱ፤ አንዱ ቢረዝም ታጉ ወደ ጎን ይዞራል።
5. ታጉን ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። በታጉና በጀርባው መካከል የሌባ ጣታችሁ በልኩ መግባት አለባት። ሁለት ጣት ከገባ ላልቷል። አንዷም ካልገባች ጠብቋል።
6. እግሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ ዘርጉ። ከዚያ አምስተኛውን እንደገና ፈትሹ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ላልቶ የሚገኘው።
7. በሰም በተቀባ ጠንካራ ክር ስፉ፣ ስፌቱ ላይ ጥቂት ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉ። ከሥሩ ወረቀት አድርጉ፣ ቆዳና ላባ እንዳይነካ። ሙጫው ሳይደርቅ ላባ አትመልሱበት።
8. የተረፈውን ሪባን ቁረጡ፣ ጫፉንም በሙጫ ዝጉ። የተንጠለጠለ ጫፍ ካገኘ በመንቁሩ ሲጎትት ይውላል።

ገና እያደገ ያለ ጫጩት ላይ አትሰሩ። ዛሬ ልክ የሆነው በወሩ ይጠብቃል።

ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ካያችሁና 25 ደቂቃ ከሞላ ጊዜው ያስፈራችኋል። "ይሁን" ብላችሁ አትልቀቁ። ሪባኑን በመቀስ ቁረጡ፣ ታጉን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፣ አሞራውን ልቀቁ። ነገም ቀን ነው።

ደረጃ 10፦ ልቀቁ

ማግኔቱ መነሳቱን ለመጨረሻ ጊዜ እዩ። አትሳቁ፣ ማግኔቱ እንደተለጠፈ የበረረ አሞራ አውቃለሁ። ክፍት ሜዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ ካልሲውን አውልቁ፣ ከዚያ ልቀቁ። ወደ ላይ አትወርውሩት። ጥቂት እርምጃ ሮጦ ይነሳል። አንዳንዱ ቆሞ ላባውን ያራግፋል፣ ዞሮም ያያችኋል፤ አትቅረቡት። ግማሽ ሰዓት ሆኖም ካልተነሳ ራቁና ከሩቅ ጠብቁት፤ ውሻ እንዳይደርስበት።

ደረጃ 11፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት

በየቀኑ ዳታውን ክፈቱ። በሳምንት አንዴ የሚከፍት ሰው ነው የሞተ አሞራ በአጥንቱ የሚያገኘው። መረጃውን ሙቭባንክ (የእንስሳት እንቅስቃሴ መረጃ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስገቡ፤ ነጻ ነው፣ ማን እንዲያይም እናንተ ትወስናላችሁ። ማደሪያና ጎጆ የሚያሳይ የቀጥታ ካርታ ለሕዝብ አትክፈቱ።

ሰዓቱ ላይ አትሳሳቱ

ይህ የኛ የራሳችን ችግር ነው። ታጉ የሚጽፈው በዩቲሲ (በዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው፣ በፈረንጅ ቀን። እናንተ ማስታወሻችሁ ላይ የጻፋችሁት ደግሞ "ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ነው። ሁለቱን ያገናኘ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፣ አንዴ በሰዓቱ፣ አንዴ በቀኑ። ዘዴው፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፣ የኛን ሰዓት ያገኛሉ። ታጉ 06:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 15:00 ካለ ከምሽቱ 12 ሰዓት። ሜዳ ማስታወሻ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፣ ያን ጊዜውኑ፣ ማታ ሆቴል ገብታችሁ አይደለም።

የአርጎስ ታግ ከሆነ ከጂፒኤስ ነጥቦቹ ሌላ ሳተላይቱ ራሱ የሚገምታቸው ነጥቦችም አሉ፤ እነሱ የጥራት ደረጃ አላቸው። 3 የተባለው ከ250 ሜትር ያነሰ ስህተት ነው ያለው፤ 0 የተባለው ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። 0ን ይዞ "አሞራው ወንዙን ተሻገረ" ማለት አይቻልም።

ደረጃ 12፦ ዝም ሲል

ወደ መኪናው ከመሮጣችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት መረጃ እዩ።

ቮልቴጁ ቀስ በቀስ እየወረደ ከነበረ ደመና ወይም ላባ ነው። ጠብቁ። ከሳምንታት በኋላ ተነስቶ ያጠራቀመውን የሚያራግፍ ታግ ብዙ ነው።

ቮልቴጁ ጥሩ ሆኖ የመጨረሻው ነጥብ ኔትወርክ ወደሌለበት አቅጣጫ ከነበረ ያው ነው፣ ጠብቁ።

ቮልቴጁም ኔትወርኩም ጥሩ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከተቋረጠ ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። የመጨረሻው ነጥብ ያለበት አካባቢ ለምታውቁት ሰው ደውሉ። ደረጃ 6 ላይ ሻይ አብራችሁ የጠጣችሁት ሰው የሚጠቅማችሁ አሁን ነው።

መረጃው እየመጣ ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ ግን አትጠብቁ። ታጉ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ቀጥ ብሎ፣ እኩለ ቀንን ጨምሮ 24 ሰዓት አንድ ቦታ ከሆነ ወይ ሞቷል ወይ ታጉ ወድቋል። ጎጆ ላይ ዕንቁላል የታቀፈ አሞራም አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ከጥንዱ ጋር ስለሚፈራረቅ ይነሳል፣ መለኪያውም ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ስትደርሱ

ቀና ብላችሁ እዩ፤ ምሰሶ ሥር ከሆነና ላባው ተቃጥሎ ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው። የፖርት ሱዳን አሮጌ መስመር እስኪቀየር ድረስ ብዙ የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን የጨረሰው በዚሁ መንገድ ነው። የምሰሶውን ቁጥርና ቦታ መዝግቡ።

አካባቢው ላይ ሌላ አሞራ፣ ውሻ ወይም ጅብ ሞቶ ካያችሁ መርዝ ነው ብላችሁ ጀምሩ። በባዶ እጅ ምንም አትንኩ፣ ሕፃናትንና ውሾችን አርቁ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ለባለሥልጣኑና ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያኔውኑ ደውሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ በተመረዙ የዝሆን ሬሳዎች ላይ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተዋል፤ መርዙ ያለበት ሥጋ እዚያው እስካለ ድረስ የሚወርደው አሞራ አያቆምም። ናሙናውን ሐኪሙ ከወሰደ በኋላ የቀረው ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር።

ታጉን ካገኛችሁት በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ሰሌዳው መሰንጠቁን እዩ፣ ማግኔቱን መልሱበት። የድሮውን ሪባን ጣሉት። ከዚያ እንደገና ወደ ጣሪያው፣ ለሰባት ቀን።